ሁለቱ ውሃዎች

አዲስ ሠራተኛ ወደ ቆዳ ፋብሪካው ሲገባ ጓንትና ቦት ጫማ ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ይነገረው ነበር፤ ሁለቱ ውሃዎች አይገናኙም። ከፀጉር ማርገፊያው ክፍል የሚወጣው የኖራና የሰልፋይድ ውሃ በግራው ቦይ ይወርዳል፤ ከአሲድ ክፍሉ የሚወጣው በቀኙ። ለየራሳቸው ጉድጓድ፣ ለየራሳቸው ክዳን ነበራቸው። ድንገት የተገናኙ እንደሆነ የሚነሣው ጋዝ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ መሽተቱ ግን ለአንድ ለሁለት ትንፋሽ ነው። ከበረታ አፍንጫውን ራሱን ያደነዝዘዋል። ሰውየው «እፎይ፣ ለቀቀኝ» ብሎ ደስ ሲለው ያን ጊዜ አለቀለት ማለት ነው።

ይህን ለገባው ሁሉ ሲያስተምር የኖረው መዳፍ ነበር። መዳፍ የፀጉር ማርገፊያው ክፍል አለቃ ነው፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት ከሥራው ነው። ጥሬው ቆዳ፣ ድራም በሚሏቸው፣ ቤት በሚያካክሉ የእንጨት በርሜሎች ውስጥ ሲሽከረከር አድሮ ሲወጣ፣ እጁን ከጓንቱ አውልቆ ቆዳው ላይ ያሳርፍና ዐይኑን ጨፍኖ «ደርሷል» ወይም «ገና ነው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። የብዙ ዘመን ኖራ የእጁን አሻራ ልጦ አጥፍቶበታል። «አለቃችን ቢሰርቅ እንኳ አይያዝም» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ታናሽ ወንድሙ ሬዲዮ ይባላል። ቦይ ጠራጊ ነው፤ አፉ አያርፍም። ጉድጓድ በወረደ ቁጥር እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን አጎርንኖ ከታች ያስተላልፋል። ጭቃው እስከ ጉልበት ደርሷል፤ አየሩ ደመናማ ነው፤ አንዲት አይጥ ለሥራ ጉብኝት መጥታ ተመልሳለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ከላይ የቆሙትን ያስቃል። ነገሩ ግን የቀልድ ብቻ አልነበረም። ጉድጓድ የገባ ሰው ዝም ካለ የታሰረበት ገመድ ይሳባል፤ የቆየ ደንብ ነው። ሬዲዮ ደንቡን ጨዋታ አደረገው እንጂ አላፈረሰውም።

ለሬዲዮ ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። መዳፍ ሚስቱ ሳትወልድለት ስለ ሞተች ልጅቱ የሁለት አባቶች ልጅ ሆና ነው ያደገችው፤ ትምህርት ቤት አንዱ ያደርሳታል፣ አንዱ ይመልሳታል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ባክቴሪያ ተምራ ስትመለስ ፋብሪካው በላቦራቶሪው ቀጠራት። ሠራተኞቹ «ዶክተሯ» አሏት፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለፌዝ።

ያን ጊዜ ፋብሪካው አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶ ነበር። ከታች ያለው ወንዝ አረፋ ብቻ ሆኗል፤ ዓሣው ካለቀ ቆይቷል፤ በዳርቻው የሚኖሩ ሰዎች ልጆቻቸውን እያከኩ ለአቤቱታ ይመጣሉ። የመንግሥት ሰዎች ውሃውን ካላጸዳችሁ በሩ ይታሸጋል ብለው ሄደዋል። ዶክተሯ ለሥራ አስኪያጁ ያቀረበችው ሐሳብ ቀላል ነበር። ኖራውና ሰልፋይዱ ይቅር፤ በምትኩ ኢንዛይም እንጠቀም። በጋን ውስጥ እየተመገበ የሚያድግ ባክቴሪያ የሚሠራው ዱቄት ነው፤ የፀጉሩን ሥር ከቆዳው ያላቅቃል። ፀጉሩን እንደ ሰልፋይዱ አያቀልጠውም፣ እንዳለ ያወልቀዋል፤ የሚወጣው ውሃም መርዝ የለበትም። ሥራ አስኪያጁ አንድ ድራም ፈቀደላት። ካልተሳካ ግን ሁላችንም ወደየቤታችን ነን አላት። አሮጌዎቹ ሠራተኞች ባክቴሪያው ፀጉር ማርገፍ ከቻለ ጢማችንንም ይላጭልን ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ ማለዳ መዳፍ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ድራሙን አቁሞ በሩን ሲከፍት የወጣው ሽታ ለእሱ እንግዳ ነበር፤ ዝናብ የነካው አፈር የመሰለ፣ ደግ ሽታ። እጁን አገባ። ፀጉሩ በአብዛኛው ወልቋል። በጀርባው መስመርና በአንገቱ በኩል ግን አጭር አጭር ሥሩ እንደ ሰነፍ ሰው ጢም ቀርቷል። ሌላውንም ቆዳ ዳበሰ፤ ያው ነው። ገና ነው።

በመስኮቱ ሲመለከት ዶክተሯ በሩ አጠገብ ቆማ ሥራ አስኪያጁን ትጠብቃለች። አባቷ ከፊቷ ቆሟል። የጋዋኗ አንገትጌ ላይ አንዲት ክር አርፋ ኖሮ፣ ሬዲዮ በጭቃ እጁ እንዳያቆሽሻት ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን አስግጎ በትንፋሹ እፍ ይልላታል። እሷ ትስቃለች። ፊቷ ግን ከጋዋኑ ይልቅ ነጥቷል።

መዳፍ ወደ መጋዘን ሄዶ አንድ ባልዲ ሰልፋይድ ይዞ ተመለሰ። ለዛሬ ብቻ ነው አለ በሆዱ። ሰው ፊት እንዳትዋረድ፣ መንገዱን እስክትይዝ ድረስ ብቻ። ለምርመራ የሚሆነውን ውሃ አስቀድሞ በጠርሙስ ቀዳና ለብቻው አኖረ። ከዚያ ባልዲውን ገልብጦ በሩን ዘግቶ ድራሙን አስነሣ።

ሥራ አስኪያጁ ቁርሱን በልቶ ሲደርስ ቆዳው እንደ ሕፃን ገላ ለስልሶ ወጣ። መዳፍ ጓንቱን አወለቀ፣ እጁን አሳረፈ፣ ዐይኑን ጨፈነ። «ደርሷል» አለ። ዶክተሯ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሬዲዮ በተራው የምሥራቹን ለግቢው ሁሉ በዜና ድምፁ አስተላለፈ፤ ወደ ቤት እስኪሄድም ድረስ የሚሰማው ጠፍቶ ለዘበኛው ውሻ እንኳ አወራለት። ጠርሙሱ ተመርምሮ ከሰልፋይድ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ዶክተሯ ከዚያ ቀን ጀምሮ ናሙና ከሌላ ሰው እጅ አልቀበልም አለች። «ጋሼ» የምትለው አጎቷ የቀዳውን ብቻ።

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ እንዲሉ፣ ነገሩ ከዚያ ወዲህ በሳቅ በሳቅ ሄደ። በሁለተኛው ሙከራ መዳፍ ባልዲውን ሊተወው አስቦ ነበር። ግን ቆዳው ሥሩን ይዞ ቢወጣ የመጀመሪያው እንዴት ጸዳ ሊባል ነው? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ጨመረበት። ሦስተኛውም እንዲሁ ሄደ። ማንም ከመግባቱ በፊት ይመጣል፣ ናሙናውን ይቀዳል፣ ባልዲውን ይገለብጣል። አራቱም ድራሞች ወደ ዱቄቱ ዞሩ። ግቢው ውስጥ የነበረው የጥንት ግማት እየቀለለ ሄደ፤ ባልዲ ሰልፋይድ ከቀድሞው ጆንያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነውና። የአሮጌዎቹ ሠራተኞች ሳል እንኳ በረደ። መዳፍ ይህን ሲያይ ክፉ የሠራ አልመሰለውም። ልጄ መንገዱን አግኝታለች፣ እኔ የያዝኩላት ምርኩዙን ነው ይል ነበር ለራሱ።

ከዱቄቱ ጋር አንድ አዲስ ጣጣ መጣ። ድሮ ፀጉሩ ቀልጦ ከውሃው ጋር ይሄድ ነበር፤ አሁን እንዳለ እየወለቀ በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን የብረት ወንፊት ይደፍናል። ሬዲዮ አልፎ አልፎ ይወርድ የነበረው ሰውዬ ቀን በቀን የሚወርድ ሆነ። ልጁን ባገኛት ቁጥር ያሾፍባታል።

«አንቺ፣ ፀጉር ቆራጭ አደረግሽኝ እኮ። ላንቺ ዲግሪ፣ ለኔ መቀስ።»

«ማሽን ይገዛል አባዬ፣ ትንሽ ታገሥ።»

«ኧረ አይገዛ፤ ማሽን አያወራም፤ ጉድጓዱ ይደብረዋል» አላት።

ውጤቱ ስላማረ ሥራ አስኪያጁ የሚቀጥለውን ነገር ለማፋጠን ቸኮለ። ቆሻሻውን ውሃ የሚበላ ሌላ ባክቴሪያ ያለበት ትልቅ የማጣሪያ ገንዳ ተሠራ። ገንዳው የሚቀበለው በአንድ መስመር የሚመጣ ውሃ ነው። ስለዚህ ግራና ቀኝ የነበሩት ቦዮች ከአንድ ጉድጓድ እንዲገናኙ ተወሰነ፤ ስሌቱን ሠርታ የፈረመችበትም ዶክተሯ ናት።

መዳፍ ግንበኞቹ የግራውን ጉድጓድ በሲሚንቶ ሲደፍኑ አየና ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። ልጄ፣ ሁለቱ ውሃዎች አይገናኙም እኮ አላት። ከወረቀቷ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ሰልፋይድ ከሌለ ከምን ጋር ይገናኛል? አንተው የቀዳኸው ውሃ እኮ ነው፤ እንደ ምንጭ ንጹሕ ነው።»

ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ቃሉ ጥርሱ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ከኋላዋ ግድግዳው ላይ፣ አባቷ ከድራሙ ፊት ለፊት እሷን አቅፎ የተነሣው ፎቶግራፍ ተለጥፏል። መዳፍ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብሎ ወጣ። ሆድ ይፍጀው አለ።

ከዚያ በኋላ በሰዓት ተማመነ። የእሱ ድራሞች የሚደፉት ጠዋት ነው፤ የአሲድ ክፍሉ የሚደፋው ከሰዓት በኋላ። ውሃ ሄደ፣ ውሃ መጣ፤ መንገድ ላይ ካልተገናኙ ምን ሊሆኑ? ባልዲውንም አጎደለው፤ ቀስ በቀስ እያጎደልኩ አንድ ቀን እተወዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። አሮጌው የጉድጓድ ገመድ ግድግዳ ላይ ከሚስማር ተንጠልጥሎ አቧራ ይጠጣል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለሚወርድ ሰው ገመድ ማሰር ማን ያስታውሳል?

አንድ ቀን ጠዋት፣ ባልዲው ከተገለበጠ በኋላ፣ መብራት ሄደ። ድራሞቹ በያሉበት ቆሙ። ሠራተኛው ፀሐይ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ አንዳንዱ አንቀላፋ፣ አንዳንዱ ካርታ ያዘ። መዳፍ ብቻ መቀመጥ አቃተው። መብራቱ የመጣው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ሰዓት እንግዶች ይዞ ማጣሪያውን ሊያሳይ ስለ ነበር ሁሉም ክፍል የዘገየውን ለማካካስ ተጣደፈ። መዳፍ የአሲድ ክፍሉን አለቃ ጥቂት ቆይ ሊለው ወጣ። ለምን ቢለኝ ምን እለዋለሁ እያለ፣ የሚያሳምን ምክንያት ሲፈልግ፣ እርምጃው ቀዘቀዘ። ከግቢው መካከል ሳለ ከኋላው የራሱ ክፍል ሠራተኞች ድራሙን ሲደፉት ሰማ፤ ከፊቱ የአሲዱ ቧንቧ ተከፍቶ ሲያጓራ ሰማ።

ወንፊቱ ወዲያው ተደፈነና ውሃው ከጉድጓዱ አፍ ይገነፍል ጀመር። «ሬዲዮ! ሬዲዮ የት አለ?» ተባለ። ሬዲዮ አካፋውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ልጁና እንግዶቹ ከማጣሪያው በኩል ሲመጡ ሲያይ ጨዋታው ባሰበት፤ መሰላሉን እየወረደ ድምፁን አጎረነነ።

«ይህ የጉድጓዱ ጣቢያ ነው። ክቡራን እንግዶቻችን እንደምን ዋላችሁ።»

እንግዶቹ ሳቁ። ዶክተሯ አፏን በእጇ ሸፈነች። መዳፍ በዚህ ጊዜ ከጉድጓዱ አፍ ጥቂት ራቅ ብሎ ደርሶ ነበር።

«አሮጌው ዘመዳችን ተመልሷል» አለ ከታች ያለው ድምፅ። «ይሸተኛል፤ በጣም ይሸተኛል።»

መዳፍ አፉን ከፈተ። ውጣ ለማለት ነበር። አንዲት ቃል ነበረች፤ ግን ከዚያች ቃል ኋላ ለምን የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ልጅቷ እዚያ ቆማለች፤ እንግዶቹም ቆመዋል። ምራቁን ዋጠ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዋጠው።

«እሰይ፣ ጠፋ» አለ ሬዲዮ። «አሁን ለቀቀ።»

ከዚያ ወዲያ ጣቢያው ዝም አለ።

መዳፍ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ወደ ጉድጓዱ ሲወረወር ሁለት ሰዎች ቀበቶውን ይዘው አስቀሩት፤ ነከሳቸው፣ ረገጣቸው፣ አልለቀቁትም። እሱ ራሱ ነበር ያስተማራቸው፤ ጋዝ የወሰደውን ሰው ተከትላችሁ አትግቡ፣ ሬሳ ሁለት ይሆናል። ገመዱን ከሚስማሩ አውርደው መንጠቆ አስረው ሲያወጡት የሬዲዮ አፍ እንደ ተከፈተ ነበር። ልጁ ተንበርክካ በዚያ አፍ ላይ ትንፋሿን ስታስገባ፣ ስታስገባ ቆየች። ኋላ ሰው ደግፎ አነሣት።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ገና ለቅሶው ሳይነሣ ፋብሪካው ጥፋተኛውን አገኘ። ባክቴሪያው ነው ጋዝ ያመነጨው ተባለ፤ ሥራ አስኪያጁም ይህንኑ አጣሪ ሆነው ለመጡት ሰዎች አስረዳ። ድሮም ሕይወት ያለው ነገር በድራም ውስጥ ጨምሮ ደኅና መዋል አለ ወይ፣ አሉ አሮጌዎቹ። ኖራና ሰልፋይድ የጫኑ መኪኖች መጡ። ወንዙ አረፋውን መልሶ ለበሰ። ከባለሥልጣኖቹ ተጨማሪ ጊዜ ተጠየቀና ተገኘ።

ዶክተሯ ሥራዋን ለቃ አባቷ መኝታ ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። የስሌት ወረቀቶቿን አልጋው ላይ ዘርግታ ከላይ ወደ ታች ትሄዳለች፣ ከታች ወደ ላይ ትመለሳለች። ካልለመኗት አትበላም። እናቷ እህል ይዛ ስትገባ፣ «እኔ ነኝ እማዬ፤ ሁለቱን ውሃዎች ያገናኘሁት እኔ ነኝ» ትላታለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ጎረቤት መጥቶ የፈጣሪ ፈቃድ ነው ይላታል፤ ቀና ብላ አታየውም።

መዳፍ በየቀኑ ይመጣል። በር ላይ ባለው ወንበር ይቀመጣል፤ ሰው ሲያናግረው አዎን ይላል። የወንድሙ ሚስት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲቀል አጠገቡ ተቀመጠች። የባሏን ሸሚዞች ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ታጥፋለች።

«ወንድም ጋሼ፣ የሥራውን ነገር እርስዎ ያውቁታል» አለችው። «ይንገሯት። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ይበሏት። እኔን አትሰማኝም፤ እርስዎን ግን ትሰማለች። እሱን ቀብሬአለሁ፣ እሷን አልቀብርም።»

መዳፍ ስላጠፋው ነገር ለማንም ሳይናገር ራሱን ብቻ እየቀጣ ለመኖር ሲያስብ ከርሞ ነበር። እኔ በውስጤ እየተቃጠልኩ ልኑር፤ ለእሷ ማወቁ ምን ይጠቅማታል፣ ሁለተኛ አባቷንም ማሳጣት ነው፤ እንዲህ ይል ነበር። የሴትየዋን እጅ ሸሚዝ ሲያጥፍ ሲያይ ግን ይህ ሁሉ ያው የባልዲው ወሬ መሆኑ ገባው። ለእሷ ብዬ ነው፣ ለዛሬ ብቻ ነው። ተነሣና ገባ።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታለች። ሲገባ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ጋሼ፣ ከየት መጣ? ሁሉንም ደግሜ ሠራሁት። ባክቴሪያው ያን ያህል አያመነጭም፤ ቢያብድ እንኳ አያመነጭም። ሰልፋይድ ነበር። ግን ከየት መጣ?»

«ከመጋዘን» አላት።

አየችው።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት። በባልዲ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገራት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከመጀመሪያው ማለዳ ጀመረ፤ አንገትጌዋ ላይ ስለ ነበረችው ክር ሳይቀር ነገራት። ናሙናውን መቼ እንደሚቀዳ፣ ባልዲውን መቼ እንደሚገለብጥ፣ በሰዓት ተማምኖ እንደ ነበር፣ መብራቱ እንደ ሄደ። ሲጨርስ ትጮሃለች ወይም ትመታኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ መመታቱን ፈልጎት ነበር። ልጅቷ ግን አንዱን ወረቀት አንሥታ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«አንተ ሳትነካው የወጣ ቆዳ የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው አንዱም የኔ አልነበረም» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «አባዬ ለሰው ሁሉ የነገረው ነገር፣ አንዱም አልነበረም።»

መዳፍ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ከትከሻዋ ላይ ሸክም ሊያወርድላት ነበር የመጣው። አሁን ከእጇ ላይ የቀረቻትን አንዲት ነገር እንደ ወሰደባት አየ።

«የት ላይ ነበር ሥሩ የቀረው?» አለችው።

«ጀርባው ላይ። አንገቱም ላይ።»

«ወፍራሙ ላይ ነዋ።» ጥቂት አሰበች፤ ፊቷ ለአፍታ የድሮውን ፊቷን መሰለ። «ውሃው ቀዝቅዞ ነበር። ማታ ድራሙ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ማሞቅ ነበር፣ ወይ ጊዜ መጨመር። ያንን ቆዳ ብታሳየኝ ኖሮ በሳምንቱ አስተካክለው ነበር ጋሼ። መበላሸቱን ነበር ማየት የነበረብኝ።» ፊቷ እንደገና ጠፋ። «አሁን የት አለ ያ ቆዳ?»

«ተሸጠ። ጫማ ሆኖ ሰው እግር ላይ ይሆናል።»

ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠርዛቸውን አስተካከለችና አልጋው ላይ አኖረቻቸው። ቆይታ፣ አባቷ መጨረሻ የተናገረውን ደኅና አድርጎ ሰምቶ እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ እሷ ከእንግዶቹ ሳቅ የተነሣ አልለየችውም።

መዳፍ ምራቁን ዋጠ። ይሸተኛል ያለውን ሰማሁ፣ ያኔ ውጣ ብለው ይወጣ ነበር፤ ሳይነግራት የቀረው ይህ ነበር። «ስላንቺ ነበር የሚያወራው» አላት። «ለእንግዶቹ፣ ልጄ ናት ሲላቸው ነበር።»

ማመኗንም አለማመኗንም ከፊቷ ማንበብ አልቻለም። «ለእማዬ አንተ ንገራት» አለችው። «እኔ አልችልም።»

ወጥቶ ለወንድሙ ሚስት ነገራት። በዚህኛው ቶሎ ጨረሰ። ሴትየዋ የመጨረሻውን ሸሚዝ አጥፋ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው፤ በመዳፏ ዳመጠችው። ከዚያ፣ ተድራ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እርስዎ ስትለው የኖረች ሴት ዐይኑን እያየች፣ «ውጣ አንተ» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ያንኑ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሰው ሲያዝን ያላደረገውን አደረግሁ ይላል፤ ዕረፍት ውሰድ አለው። መዳፍ ዕረፍት አልፈልግም ብሎ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ቃሉን ተቀብለው ጣቱን በቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ ሲያስፈርሙት፣ ያረፈው ነገር ጥቁር ልሙጥ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ፖሊሱ ደግሞ አስነካው፤ ያው ነው። እስክንጠራህ ጠብቅ ተባለ።

እስኪጠራ ድረስ ከድራሙ ሥራ አንሡኝ አለ፤ አነሡት። ቆዳ ዳብሶ ደርሷል የሚል ሌላ ሰው ተተካ። የተደፈነው የግራ ጉድጓድ ሲሚንቶው ተፈንቅሎ ተከፍቷል፤ የጥንቱ ግማት ተመልሷል፤ ሠራተኛው እንደገና ይስላል። በሬዲዮ ቦታ ከሌላ ሥራ የተቀነሰ አንድ ዝምተኛ ጎልማሳ ገብቷል። መዳፍ ጠዋት ጠዋት ገመዱን ራሱ ወገቡ ላይ ያስርለታል፤ ቋጠሮውን ይፈትሻል፤ ደግሞ ይፈትሻል፤ ከዚያ ከጉድጓዱ አፍ በደረቱ ይተኛና ወደ ታች ያያል።

«አውራ» ይለዋል።

«ምን ላውራ?»

«ያሻህን። ዝም ብቻ አትበል።»

ሰውየው የሚያወራው አያገኝም። አንዳንዴ የልጆቹን ስም ይጠራል፤ አንዳንዴ፣ ጭቃ ነው፣ አሁንም ጭቃ ነው ይላል። ለትንፋሽ ያህል ካቆመ ገመዱ ይሳባል፤ እየተበሳጨ፣ በሕይወት አለሁ እኮ አለቃ፣ ልሥራበት ይላል። መዳፍ አይሰማውም። ገመዱን በልሙጥ እጁ ሁለት ዙር ጠምጥሞ፣ ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ አዘንብሎ፣ «አውራ፣ አውራ» ይላል።